ሱሪ ያስጀመረኝ ፖድካስት

ሰው ሃምሳ ሲሞላው ምን ይጀምራል? ጨው መቀነስ ይጀምራል። ጥርሱን ማስነቀል ይጀምራል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬ የት ገባ እያለ ቤተሰቡን ማመስ ይጀምራል። እኔ ግን ፖድካስት ጀመርኩ። ስቃችሁ እስክትጨርሱ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ስቃ የጨረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው።

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሱቄ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ከገበያው ወረድ ብሎ የሚገኝ የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚህ የእጅ ባለሙያን ሁሉ ፉንዲ ይሉታል። ስሜን ከመታወቂያዬ በቀር የሚያስታውስ ስለሌለ እናንተም ፉንዲ ብትሉኝ ቅር አይለኝም። መርፌ መያዝ የተማርኩት በልጅነቴ ዋልዳ መጠለያ ጣቢያ ሳለን ነው። ማውራት የት እንደተማርኩ ግን አላውቅም። እናቴ ስወለድ አለቀስክ ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን የሆነ ነገር ለማስረዳት እየሞከርኩ የነበረ ይመስለኛል።

ለአሥራ አምስት ዓመት ያወራሁት በዋናነት ለአንድ ሰው ነው። ኑሬ ይባላል። ሱቃችን ግድግዳ ይጋራ ነበር፤ እሱ ጨርቅ ይሸጣል፣ እኔ የሸጠውን እሰፋለሁ። በሁለቱ ሱቆች መሀል አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ከሰዓት በኋላ ከአሱር ሶላት ሲመለስ በቀኝ በኩል ይቀመጣል፣ እኔ በግራ፣ ሻያችን በመሀል። ከዚያ እኔ አወራለሁ። ኑሬ የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ከዚያስ?" ይላል። በዚህ ዓለም ላይ "ከዚያስ?" የሚል ሰው ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ሁሉ "እኔም አንድ ጊዜ..." ብሎ ሊነጥቅህ ነው የሚጠብቀው።

ይህ ወዳጄ ከሰባት ወር በፊት ሴት ልጁን ዳረ። ለሠርጉ ሱሪና ኮት የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ከኢሲዮሎ ድረስ መጥተዋል። ኑሬ አማቾቹን በክብር ሊጨብጥ ጎንበስ አለ፤ ሱሪው ከኋላ ቷ! አለ። ከወገብ እስከ ታች ተተረተረ። በዚህ ጊዜ አስተዋይ ሰው ቢሆን ኮቱን አውልቆ ይሸፍነው ነበር። እኔ ምን አልኩ መሰላችሁ? "ኑሬ! ልክህን ስወስድ ይሄ ሆድ የት ነበር?" አልኩ። ድንኳኑ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ወሬውም ሳይመሽ ቀረጥ ሳይከፍል ድንበሩን ተሻግሮ ኢትዮጵያ ገባ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኑሬ ምንም አልተናገረኝም። ሠርጉ አልፎ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሱቁን ዘግቶ ወደ ሶሎሎ ከተማ ሄደ። "ንግድ ነው" አለ ለሰው። ለእኔ እሱንም አላለኝ። አግዳሚው ወንበር በቀኝ በኩል ባዶ ሆነ። እኔ በበኩሌ ጥፋቱ የሆዱ ነው ብዬ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳሁ። ስልክ መደወል? እኔ? እሱ ነው የሄደው፤ ራሱ ይደውል! እንዲህ እያልኩ ስድስት ወር ቆየሁ።

ልጄ ሄለን ናይሮቢ ትምህርቷን ጨርሳ በመጣች ሳምንት አንድ ነገር አየች። ከቀሚስ ማሳያው አሻንጉሊት ጋር ሳወራ አገኘችኝ። ማሳያው ራስ የለውም፤ ራስ ካለው ብዙ ሰው ግን የተሻለ ያዳምጣል።

"አባዬ፣" አለችኝ በሐዘኔታ፣ "ለምን ፖድካስት አትሠራም?"

ምን እንደሆነ አስረዳችኝ። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ የፈለገውን ያወራል፣ ማንም አያቋርጠውም፣ የፈለገ ሰው ካለበት ሆኖ ይሰማዋል። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። "ማንም አያቋርጠውም?" "ማንም።" "ፖሊስም?" "አባዬ!" ልቤ እንዴት እንደመታ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ነበር ይህ ነገር? ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ እንጀምር አልኩ።

"መጀመሪያ ግን፣" አለች ሄለን፣ የተማረ ሰው መቼም "መጀመሪያ ግን" ማለት ይወዳል፣ "ለምን እንደምትሠራው ማወቅ አለብህ። የራስህን ምክንያት። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ሦስት ክፍል ሠርቶ ይተወዋል።" አንድ ወረቀት ላይ በትልቁ "ለምን?" ብላ ጻፈችና የስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ካለው ጨርቅ ላይ በስፒል ሰካችው። ከሥሩ መልሱን እንድጽፍ ባዶ ቦታ ተወችልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያ ወረቀት እኔን ያዘኝ፣ እኔም እሱን።

መጀመሪያ የጻፍኩት እውነቴን ነው። "ታዋቂ ለመሆን" አልኩ። ሄለን አንብባ ስልኩን ከፍታ "ቀጥል" አለችኝ። እኔ ደግሞ ለካ አንድ ጉድ ነበረብኝ። እግሬ ፔዳል ካልረገጠ ምላሴ አይንቀሳቀስም! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እየሰፋሁ አይደል የማወራው? እግሬን ሳቆም ቃል ጠፋኝ። "እንደምን... እንደምን..." ብዬ ቀረሁ። ፔዳሉን ስረግጥ ደግሞ ወሬው እንደ ጎርፍ መጣ። ሃያ ደቂቃ አወራሁ። ቆይተን ስናዳምጠው ትርርርርር ነው። አልፎ አልፎ ክር ሲበጠስብኝ ብቻ "ለዚህ ነው እንግዲህ ወገኖቼ" የሚል ድምፅ ይሰማል።

"አባዬ፣ ይሄን የሚሰማ ሰው ወፍጮ ቤት የገባ ነው የሚመስለው" አለችኝ።

"ታዋቂ ለመሆን" የሚለውን ሰረዝኩና "ወጣቶችን ለመምከር" ብዬ ጻፍኩ። በዚህኛው ኮራሁ። ከስፌት መኪናው መራቅ እንዳለብኝ ግልጽ ነው፤ ግን በር ላይ ሰው የሚያመላልስ የቦዳቦዳ ሞተር፣ ጎረቤት ጄኔሬተር፣ መንገድ ላይ የምክር ሰዓቴን ጠብቃ የምታናፋ አህያ አለች። ሄለን "ድምፅ የሚያፍነው ጨርቅ ነው" አለች። ጨርቅ? ጨርቅማ የእኔ ነው! ጓዳ ውስጥ ከተከመረው የደንበኞች ልብስ ሥር ስልኬን ይዤ ገባሁ። እግሬንም እንዳይቸግረኝ በባዶው እያወዛወዝኩ ነው። የሞያሌ ቀትር ሙቀት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር አልችልም፤ በሠላሳ ቀሚስና በአሥር ኮት ሥር ሆኖ ለሚያውቀውም መንገር ይከብዳል። ቢሆንም በታላቅ ስሜት ጀመርኩ። "ወጣቶች ሆይ! በሕይወት ውስጥ ትልቁ ነገር..."

በዚህ መሀል ማማ ሀሊማ የተባሉ ደንበኛዬ ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጡ። ጠሩ፣ መልስ የለም። እንደ ቤታቸው የሚገቡ ሰው ናቸውና ጓዳ ዘለቁ። ቀሚሳቸውን ከክምሩ ላይ አዩት፣ ጎተቱት። ክምሩም በወፍራም ድምፅ "ትዕግሥት ነው!" አላቸው።

"ቢስሚላሂ! ጂኒ!" ብለው ጮኹና ጥግ ላይ የቆመውን የእንጨት ሜትሬን አነሱ። የት የት እንደመቱኝ አልናገርም። ሁሉም ተቀድቷል። እኔ "ፉንዲ ነኝ! ፉንዲ ነኝ!" ስል፣ እሳቸው "ፉንዲን በላኸው!" ሲሉ፣ ሜትሩ ጧ ሲል። ሄለን እንባዋ እስኪወርድ ስቃ "እስካሁን ከሠራኸው ምርጡ ይሄ ነው" አለች። እኔ ግን ወጣቶችን የመምከር ፍላጎቴ እዚያው ጨርቅ ሥር ቀረ።

እንግዲህ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተወው ነበር። እኔ ጭራሽ ነደድኩ! ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ቀን ሰው ሱሪ ሲለካ "ድምፅህ ጥሩ ነው፣ እንግዳዬ ትሆናለህ?" እላለሁ። በሦስተኛው ቀን "ባህልን ለመጠበቅ" ብዬ ጻፍኩ። ባህል የሚያውቅ ሰው ደግሞ በእግሩ መጣልኝ። ሙዜ ጃርሶ ይባላሉ፤ ሙዜ እዚህ ለአዛውንት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። የቦሪ መንደር ከብት አርቢ፣ የተከበሩ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። ገበያ በመጡ ቁጥር አንዴ ኪስ፣ አንዴ ቁልፍ የሚያስጠግኑኝ የድሮ ደንበኛዬ ናቸው። የዚያን ቀን የኮታቸው ኪስ ተቀዶ ነበር። "ሙዜ፣ ኪሱን በነፃ እሰፋለሁ፣ እርስዎ ስለ ባህል ያውሩልኝ" አልኳቸው። እሺ አሉና አግዳሚው ላይ በቀኝ በኩል፣ በኑሬ ቦታ ተቀመጡ። ሄለን ስልኩን መሀላችን አድርጋ በጣቷ ምልክት ሰጠችኝ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ሙዜ" አልኩ።

"ፉንዲ፣ ነጋ?" አሉ። ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

"ነጋ።"

"ቤቱ ነጋ?"

"ነጋ።"

"ሚስቱ ነጋ? ልጁ ነጋ?"

"ነጋ፣ ነጋ።"

"ፍየሉስ ነጋ?"

ፍየል እንደሌለኝ ያውቃሉ። ቢሆንም ለሌሉት ፍየሎቼ ሰላም መሰከርኩ። ከዚያ ውሃው፣ ሣሩ፣ ዝናቡ፣ መንገዱ፣ ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ ጎረቤት፣ በመጨረሻም የስፌት መኪናው ሰላም መሆኑ ተጠየቀ። እሳቸው ሲጨርሱ ተራው የእኔ ነው። የግመሎቻቸውን ሰላም በየቀለማቸው መጠየቅ ነበረብኝ፣ ደንብ ነው። ሄለን ከጀርባቸው ቆማ ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርጋለች። ሠላሳ ዓመት የሰፋ ሰው ይህን ምልክት ሲያይ ምን ያደርጋል? መቀሱን አንስቼ አቀበልኳት። ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቀለች።

ሰላምታው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ሙዜ ጃርሶ ኦዱውን፣ ማለትም የመንገዳቸውን ወሬ ነገሩኝ። ቦሪ ላይ ስለወረደው ዝናብ፣ ጠፍታ ስለተገኘች አንዲት ግመል። እኔ አሁን ባህል ይመጣል፣ አሁን ባህል ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ ምርኩዛቸውን ወደኔ አዞሩት።

"የእኔ አለቀ። አሁን ያንተ ኦዱ።"

"የእኔማ... ሙዜ፣ ጠያቂው እኔ ነኝ።"

"አይሆንም። መጪው ይናገራል፣ ከዚያ ባለቤቱ ይናገራል። እኔ አውርቼ አንተ ዝም? ይሄ ሰው ነው ግድግዳ?"

ደንቡን አውቀዋለሁ። ወሬ ስትጠየቅ ቤትህ ተቃጥሎም ቢሆን መጀመሪያ "ሰላም ነው" ትላለህ። ጠያቂው ደግሞ ቀስ እያለ፣ እየዞረ፣ እውነቱን ያወጣልሃል። "ሰላም ነው፣ ሙዜ" አልኩ።

"እሺ፣ ሰላም። ይሄ ወንበር ሰላም?"

"ሰላም ነው።"

"የተቀመጥኩበት በኩልስ?"

እግሬ ሳይታወቀኝ መሬቱን እንደ ፔዳል መርገጥ ጀመረ።

"እዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው አይ ነበር" አሉ። "ጨርቅ የሚሸጠው። ኑሬ ሰላም?"

"ሶሎሎ ሄዷል።"

"ሶሎሎ ሰላም አገር ነው። ለምን ሄደ?"

"ሱሪው ተቀደደ።"

"ሱሪ ለምን ይቀደዳል?"

ሆዱ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ሰባት ወር ሙሉ በቀላሉ የወጣች ቃል ነበረች። ሙዜ ጃርሶ ግን አገጫቸውን በምርኩዛቸው ላይ አሳርፈው ዝም ብለው ያዩኛል። አይቸኩሉም፣ አይነጥቁኝም፣ ልክ እንደ ኑሬ። አንዴ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቅ አድርገው "ከዚያስ?" አሉ።

በቃ። ተናገርኩ። የሠርጉ ዋዜማ ጠንካራው ጥቁር ክር አለቀብኝ። ሱቆች ተዘግተዋል፣ ጠዋት ደግሞ ሠርግ ነው። መሳቢያው ጥግ ላይ ለመወስወሻ፣ ለጊዜያዊ ስፌት ብቻ የማስቀምጠው ክር ነበር፣ ፀሐይ የበላው፣ በጥርስ እንኳ ሳይሆን በትንፋሽ የሚበጠስ። የሱሪውን የመቀመጫ ስፌት በእሱ ሰፋሁት። ማን ያያል አልኩ። ድንኳኑ ውስጥ ቷ! ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ። ደነገጥኩ። ሰው ክሩን እንዳያይ ሆዱን አሳየሁ። የወዳጄን ክብር በእኔ ክር ቀድጄ ስሜን አተረፍኩ። ኑሬ ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሱሪውን ቤቱ ወስዶ ሲያየው ክሩን እንዳወቀው አልጠራጠርም። አንድ ቃል ለማንም አልተናገረም። እኔን እንኳ አላጋለጠኝም።

"ናፍቆኛል፣ ሙዜ" አልኩ። "ይኸው ነው ኦዱዬ።"

ሙዜ ጃርሶ አገጫቸውን ከምርኩዛቸው አነሱ። "ሱሪ ተቀደደ። እሺ። ሰውየው ሞተ?"

"ኧረ አልሞተም!"

"ሶሎሎ ባሕር ማዶ ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔ ሱሪ አልተቀደደብኝም። ኪስ ነው የተቀደደብኝ።" ምርኩዛቸውን ወደ ስልኩ ቀሰሩ። "ይሄ የሚሰማው ነገር ሶሎሎ አይደርስም?"

እኔና ሄለን ተያየን። ስልኩ አሁንም እየቀዳ ነው! ወረቀቱን ከስፒሉ ነቅዬ "ባህልን ለመጠበቅ" የሚለውን ሰረዝኩ። "ለምን?" ከሚለው ሥር "ለኑሬ" ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንዳልታየኝ! ለዓለም ማውራት የፈለግኩ መስሎኝ ስሮጥ፣ ለካ የፈለግኩት አንድ ጆሮ ነው።

ከሄለን ጋር የተጣላነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰላምታው ይቆረጥ አለች። "አባዬ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ 'ነጋ ነጋ' ማን ይሰማል? ሰው በሦስተኛው ደቂቃ ነው የሚዘጋው።" ቆርጣ አሰማችኝ። ያለ ሰላምታ ሲሰማ ሙዜ ጃርሶ ልክ ፖሊስ ጣቢያ ሆነው ቃሌን የሚቀበሉኝ ነው የሚመስለው። "የሰው ቤት ዘው ተብሎ አይገባም" አልኳት። "ነጋው አንድም ሳይጎድል ይግባ።" የመጀመሪያው ክፍል እንደዚያው ሙሉውን ወጣ።

አንድ ቀን ሆነ። ሄለን ስልኩን ከፍታ የሰሚውን ቁጥር አየች፣ ዜሮ። ሁለተኛውም ቀን ዜሮ። እኔ መሥራት አቃተኝ፤ የአንዱን ሰውዬ ሁለት እጅጌ በአንድ በኩል ሰፋሁት። በሦስተኛው ቀን ሄለን ጮኸች፣ "አንድ!" ዘለልኩ፣ ሜትሬ ከአንገቴ ተንሸራቶ ወደቀ። ባለቤቴን ጠየቅኋት፣ "እኔ ቤት ውስጥ ስሰማህ አይበቃኝም?" አለች። ማማ ሀሊማም አይደሉም፣ እሳቸው ጂኒ ያለበት ስልክ አይነኩም። ማን እንደሆነ ሳናውቅ አራት ቀን አለፈ። ያችን አንድ ቁጥር ግን በየሰዓቱ እያስከፈትኩ አያት ነበር።

በአምስተኛው ቀን አንድ ጭነት መኪና ሱቄ ፊት ቆመ። ሹፌሩ በዚያ አቧራማ መንገድ ከሶሎሎ መምጣቱ ከቅንድቡ ያስታውቃል። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ።

"ኑሬ ልኮኝ ነው" አለኝ። "መልእክቱን ሳታጎድል አድርስ ብሎኛል፣ ስለዚህ አታቋርጠኝ። ቤቱ ነጋ ነው ብሎሃል። ሚስቱ፣ ልጆቹ ነጋ ናቸው። የተዳረችው ልጁም ነጋ ናት። ሱቁ ነጋ ነው። ፍየሎቹ፣ ውሃው፣ ሣሩ..." ሹፌሩ በጣቱ እየቆጠረ በፖድካስቱ ለተቀዳው የሙዜ ጃርሶ ሰላምታ አንድ በአንድ መለሰ። ሲጨርስ ትንፋሽ ወሰደና "አልወፈርኩም ብሎሃል" አለኝ።

"ሌላስ?"

"ሌላ፣ ረቡዕ ለልክ እመጣለሁ ብሏል። እና ደግሞ..." ግንባሩን አከከ፣ "'ከዚያስ?' በልልኝ ብሎኛል። እንዲህ ብቻ። ይገባዋል ብሏል።"

ገብቶኛል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ መነጽሬን ጠረግኩ፤ ለካ ግንባሬ ላይ አልነበረም። ጋዜጣውን ፈታሁት። ሱሪው ነው፣ ታጥቦ፣ በካውያ ተተኩሶ፣ ከኋላው እንደተተረተረ።

ወዲያው ተቀመጥኩ። ገበያው ውስጥ ያለውን ጠንካራ ጥቁር ክር አስመጥቼ መቀመጫውን በእጥፍ ሰፋሁት፤ አሁን ሁለት ግመል ግራና ቀኝ ቢጎትተው ግመሎቹ ይደክማሉ። ሄለን "አባዬ፣ ሁለተኛውን ክፍል አሁን ቅዳ፣ ስሜት ላይ ነህ" ብላ ስልኩን አስጠጋችልኝ። "ቆይ ዝጊው" አልኳት። እስክትዘጋው ጠበቅኩና፣ በሩን አየት አድርጌ፣ የሱሪውን ወገብ ሁለት ጣት ያህል አሰፋሁለት።